«ጄኔቫ» የሚጠጣ ነገር ነው እንዴ? ድረሱልኝ፣ ቀረጻው ዛሬ ማታ ነው

ሰላም_ተርጓሚ፦
ስለ ድሮዋ ለንደን የሚያወራ ዘጋቢ ፊልም ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንባቢው 12 ሰዓት ላይ ስቱዲዮ ይገባል። አንድ ቦታ «በ1736 ፓርላማው በጄኔቫ ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ» ይላል። እንግሊዝ ምን ቤት ነኝ ብላ ነው የስዊስን ከተማ የምትቀርጠው? ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሕዝቡ የ«ማዳም ጄኔቫ»ን ቀብር አጀበ ይላል። ሴትዮዋን ብፈልግ ብፈልግ አጣኋት። ምን ብዬ ልጻፍ?

ቡና_በጨው፦
ሴትዮዋ ጠርሙስ ውስጥ ናት! ጂን ማለት ነው እህቴ። ጂን በይውና ተገላገይ።

የጉለሌው፦
ቆይ፣ ጄኔቫ የስብሰባ ከተማ አይደለች? ቀረጡ ላይ የተስማሙት እዚያ ይሆናል። «በጄኔቫ» ብለሽ እለፊው።

አባ_መዝገብ፦
ልጄ፣ በ1736 ማን እዚያ ይሰበሰብ ነበር? ከተማዋን እርሺያት። ነገሩ የሚነሳው ከደቾች ነው። ደቾች ከእህል በሚያወጡት አረቄ ውስጥ የጥድ ፍሬ ይጨምሩና «የኔቨር» ይሉታል። ስሙ የዛፉ ስም ነው፤ በላቲን «ዩኒፔሩስ»፣ በድሮ ፈረንሳይኛ «ዠኔቭር»። ኔዘርላንድ ዘምተው የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች መጠጡን ቀድመው ያውቁታል። በ1689 ደቹ ዊሊያም የእንግሊዝን ዙፋን ሲይዝ የፈረንሳይ ብራንዲ በሩ ተዘጋበት፤ በአገሩ እህል የሚወጣው አረቄ ተበረታታ። እንግሊዞች የደቹን ቃል ከሚያውቁት ከተማ ስም ጋር አደባለቁትና «ጄኔቫ» አሉት። ቆይተው ቆረጡትና «ጂን» ሆነ። ሆላንድ ተወልዶ ለንደን የኖረው ሐኪም በርናርድ ማንደቪል፣ ይህ ስም አጥሮ ባለ አንድ ቀለም ቃል መሆኑን ጽፎታል።

ቡና_በጨው፦
እኔም ያልኩት ይኸንኑ ነው። ጂን።

የጉለሌው፦
እሺ አባ፣ ግን እንግሊዝኛው ላይ በትልቅ ፊደል ከተጻፈ የቦታ ስም ነው።

ሕግ_ተማሪዋ፦
በዚያ ዘመን እንግሊዞች ዳቦውንም ወንበሩንም በትልቅ ፊደል ይጀምሩ ነበር፤ ፊደሉ ምንም አያረጋግጥም። ሕጉን ላስረዳሽ። በ1736ቱ አዋጅ ከ2 ጋሎን በታች የሚቸረችር ሰው ለፈቃድ በዓመት 50 ፓውንድ ይክፈል ተባለ። በጋሎን ደግሞ 20 ሺሊንግ ቀረጥ። የጉሊት ቸርቻሪ ይህን ከየት ያመጣል? ፈቃድ ያወጣው ጥቂት ነው፤ ሌላው በድብቅ ሸጠ። በ1743 ሕጉ ተሻረ። ቀብሩም የፌዝ ቀብር ነው፤ ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል ሰዉ መጠጡን «ማዳም ጄኔቫ» ብሎ እንደ ሞተች ሴት አልቅሶ ሸኘው።

ሰላም_ተርጓሚ፦
ተባረኪ! ግን ለዓረፍተ ነገሩ ያለኝ ሦስት ሰከንድ ነው። ማብራሪያ አይገባልኝም።

ጠጅ_ቤት፦
ታዲያ ለምን «አረቄ» ብቻ አትይውም? እናቴ ጂን ስትሰማ ጂኒ ነው የሚመጣባት፤ ጸበል ትረጫለች።

አባ_መዝገብ፦
አረቄ ካልሽ ተመልካቹ ጌሾ ነው የሚሸተው። መጠጡ ሌላ ነው። ማብራራት ካስፈለገሽ «የጥድ ፍሬ ያለበት አረቄ» በይ። «የፈረንጅ ጥድ» ግን እንዳትዪ! እኛ አገር በዚያ ስም የሚጠራው ሌላ ዛፍ ነው። የነሱ ጥድ ከሐበሻው ጥድ ጋር ዘመድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንደምናየው አይረዝምም።

ቡና_በጨው፦
ጂን! ጂን! ጂን!

ሕግ_ተማሪዋ፦
ሰከንዱ ካጠረሽ የመጀመሪያውን እንዲህ አድርጊው፦ «ፓርላማው በጂን፣ ያኔ ጄኔቫ በሚሉት መጠጥ፣ ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ»። «በ1736» የሚለውን ወደ ፊተኛው ዓረፍተ ነገር ውሰጂው፣ ቦታ ታገኛለሽ። ከዚያ በኋላ «ማዳም ጄኔቫ» ሳትነኪው ትለፍ፤ ተመልካቹ ማን እንደሆነች ገብቶታል። ብቻ «ወይዘሮ» አታድርጊያት፣ እውነተኛ ሰው ትመስላለች።

የጉለሌው፦
ቀብሩ ላይ ጠላ ነበር ወይ?

ጠጅ_ቤት፦
ሰላም፣ 12 ሰዓት አልፏል። አንባቢው ምን ብሎ አነበበው?