አስቸኳይ! ቴምር ስፈጭ ብሌንደሩ ቆመብኝ

ሚጡ አዳማ፦ ኧረ ድረሱልኝ! በስኳር ፈንታ በቴምር ኬክ ልሠራ ነበር። ብሌንደሩ ትንሽ ጮኸና ቀጥ አለ። ይሸታል ደግሞ። አማቴ ከሰዓት ይመጣሉ፣ ስኳር አለባቸው። ምን ላድርግ?

ቡና ጠጪ፦ መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀዪው!

የፍራንኮ ልጅ፦ ፍሬውን አውጥተሻል? ውሃስ ጨምረሻል?

ሚጡ አዳማ፦ ፍሬውንማ አውጥቻለሁ። ውሃ ኬኩን ያቀጥነዋል ብዬ ተውኩት።

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ፍራፍሬ ሲደርቅ የሚወጣው ውሃው ነው፤ ስኳሩ እዚያው ይቀራል። 100 ግራም ወይን ውስጥ 16 ግራም ገደማ ስኳር አለ። 100 ግራም ዘቢብ ውስጥ ግን 60 ገደማ። ቴምርም ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው። ከነጭ ስኳር የሚሻለው ፋይበርና ፖታሲየም ስላለው ነው። ስኳር ላለበት ሰው ግን...

ቡና ጠጪ፦ ጋሼ፣ ብሌንደሩ እየተቃጠለ ነው እኮ! ሃሃሃ

ዳቦ ጋጋሪዋ፦ ሞተሩ ግሎ ይሆናል። አንዳንዱ ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ ሲበርድ ይነሳል። እስከዚያ ቴምሩን አውጥተሽ በፈላ ውሃ ዘፍዝፊው፤ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዘፈዘፍሽበት ውሃ ጠብ እያደረግሽ፣ እያሳረፍሽ ፍጪው። ያንን ያህል ከወተቱ ቀንሺ። እሳቱንም ዝቅ አድርጊ። የቴምር ኬክ መሃሉ ሳይበስል ላዩ ይጠቁራል።

ቲቲ፦ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፊው።

የፍራንኮ ልጅ፦ ተብሏል እኮ ቲቲ።

ቲቲ፦ እሺ፣ ማር አድርጊበታ።

ጋሽ መምህር፦ ማርም ያው ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀንሱ ከሚላቸው ጋር ነው የሚቆጥረው።

የሐዋሳዋ፦ ይቅርታ፣ አማትሽ ኬክ አምጪ ብለዋል? እናቴ ስኳር አለባት። «ይሄ ላንቺ ነው፣ ስኳር የለውም» ሲሏት አምና ትደግማለች፣ ማታ ስትለካ ከፍ ብሎ ታገኘዋለች። ቴምሩን ብትተኪ እንኳ ዱቄቱ አለ፤ እሱም ሆድ ገብቶ ስኳር ነው የሚሆነው። እኔ ብሆን ሁለት ሦስት ፍሬ ቴምር እንዳለ ከቡናው ጋር አቀርባለሁ። ኬክ ካልሽም ቀጭን ቁራጭ፣ ቴምር እንዳለበት ነግረሽ። መድኃኒታቸውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ሚጡ አዳማ፦ እሱስ እውነት ነው። ግን ባሌ ኬክ አለ ብሎ ነግሯቸዋል!

ቡና ጠጪ፦ በይ ባልሽን ፍጪው።

ሚጡ አዳማ፦ ብሌንደሩ ተነሳ! ቴምሩም ልስልስ አለ። አሁን ደግሞ መብራት ሄደ። ኦቨኑ የኤሌክትሪክ ነው። ከሰል ላይ ይሆናል?

ዳቦ ጋጋሪዋ፦ ይሆናል። ወፍራም ድስት፣ ከታችም ከክዳኑ ላይም ፍም፣ እንደ ድፎ። የታቹ ይነስ፣ አለዚያ ያርራል።

የፍራንኮ ልጅ፦ እኛም ጋ ጠፍቷል። ፖስታ ቤት አካባቢ ያላችሁ፣ አለ?

ቲቲ፦ አለ። ስልክ ቻርጅ የምታደርጉ ኑ።