ከሰው ጋር ብዙ የማያገናኝ ሥራ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ይገኝ ይሆን?

ጥያቄ (ደሴ፣ ሆጤ)

ሰላም ለሁላችሁም። 28 ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። ሦስት ዓመት ባንክ ውስጥ መስኮት ላይ ሠርቻለሁ። ሒሳቤ አንድ ቀን ጎድሎ አያውቅም። የከበደኝ ሰው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሰላምታ፣ ፈገግታ፣ «ቶሎ በይ እንጂ»። ማታ ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። አቦሉን እንደ ምንም ጠጥቼ ክፍሌ እገባለሁ። እናቴ «ሰው ጠላሽ» ትለኛለች። አልጠላሁም፤ ይደክመኛል።

ባለፈው ወር ሥራውን ለቀቅሁ። ያለኝ ብር ለአራት ወር ቢበቃኝ ነው። ስቶር ኪፐር ልሁን ብዬ አስቤያለሁ። ኮምቦልቻም ቢሆን እመላለሳለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (ኮምቦልቻ፣ መጋዘን የሠራ)

እህቴ፣ ስቶሩን ተዪው። አምስት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ትቆርጫለሽ፤ ከእያንዳንዷ ወረቀት ጀርባ አንድ የቸኮለ ሰው ቆሟል። ቢን ካርዱን (የዕቃውን መመዝገቢያ ካርድ) ጽፈሽ ሳትጨርሺ ሌላው ይጠራሻል። ዕቃ ከጎደለ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ከባንኩ መስኮት ወደ ሌላ መስኮት ነው የምትሄጂው።

መልስ (ኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ሽመና ክፍል)

እኛ ጋ ወሬ የለም። የማሽኑ ድምፅ አያስወራም፤ ክር ሲበጠስ በእጅ ነው የምንጠቃቀሰው። ለእኔ ተመችቶኛል። ግን ፈረቃው የሌሊትም አለው፤ ዲግሪ ላላት ሰው ደመወዙ ያንሳል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን መንገድ በየቀኑ በሚኒባስ ተጠጋግቶ መመላለሱንም አስቢበት።

መልስ (ደሴ፣ ፒያሳ)

አብሽሪ እህቴ። ዲግሪሽን አትጣዪው። እኔ ቤቴ ሆኜ የነጋዴ ሒሳብ እይዛለሁ። ደረሰኙን በፌስታል ጠቅልለው ያመጡልኛል። ወለሉ ላይ ዘርግቼ በቀን በቀን እለያለሁ። ግዢውን ከሽያጩ ነጥዬ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ አስገባለሁ። ቫት በየጊዜው ይታወቃል። የደረጃ ሀ ነጋዴ ዓመታዊ ግብሩን የሚያሳውቀው ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው፤ ያኔ እንቅልፍ የለም። ሌላው ጊዜ ጸጥ ያለ ነው፤ አንዳንድ ቀን ከማንም ጋር አላወራም።

ብቻሽን ግን አትጀምሪ። ፈቃድ ካለው የሒሳብ ባለሙያ ሥር ግቢ። ደንበኛውንና ግብር ቢሮውን እሱ ይያዝ፤ አንቺ ወረቀቱን ውሰጂ። ክፍያውን በወር ተስማሙ። ጥያቄ ሁሉ በጽሑፍ ይላክልሽ። ነጋዴ መጀመሪያ ያኮርፋል፤ በኋላ ይለምደዋል።

መልስ (ደሴ ዙሪያ፣ ንብ አናቢ)

ልጄ፣ እኔ የምመክርሽ ንብ ነው። ከቀፎ ጋር ስትሆኚ የሚያናግርሽ የለም። ሽቶ አትቀቢ፣ አትቻኮዪ፣ ማታ ማታ ሥሪ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማር ትቆርጫለሽ፤ ለአንድ ባለ ሱቅ ካስረከብሽ ገበያ መውጣትም የለብሽ። ግን ያለሽ ብር ለአራት ወር ከሆነ ንቡ ለጎን ይሁንልሽ። እንጀራ እስኪሆን ጊዜ ይፈልጋል።

መልስ (ደሴ፣ ነርስ)

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድካሙ ድሮም የነበረ ነው ወይስ በቅርብ የመጣ? ሰው ፊት ልብሽ የሚመታ፣ የሚያልብሽ፣ እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ሥራ መቀየሩ ብቻውን አይበቃም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ አማክሪ። በሕክምና የሚሻል ነገር ነው፤ በዝምታ አትሸከሚው።

ጠያቂዋ

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እህቴ ነርሷ፣ ከልጅነቴም እንዲሁ ነኝ፤ እንቅልፍም አለኝ። የሚያደክመኝ ሳልጠብቀው የሚመጣ ሰው ነው። ቀጠሮ ካለው እችላለሁ። ስለዚህ የፒያሳው ወንድሜ ሐሳብ ልቤ ገብቷል። ፒችትሪ የተማርኩት ግቢ ሳለሁ ነው፤ ረስቼዋለሁ። ምን ላይ ልለማመድ?

መልስ (ደሴ፣ ፒያሳ)

የአንድ ትንሽ ሱቅ የአንድ ወር ደረሰኝ ለምነሽ ውሰጂና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስገቢው። ቀኑ ላይ ተጠንቀቂ። በእጅ የተጻፈው ደረሰኝ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ በፈረንጅ ያወጣል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ በፈረንጁ ጁላይ 8። እኔ መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው፤ የአንድ ሳምንት ሽያጭ አለወሩ ገብቶብኝ ሦስት ቀን ፈለግሁት።