የጀልባዬ ኬብሎች ተበልተዋል፤ ልቀጥላቸው ወይስ ልቀይራቸው?

መቅዘፊያ፦
ጤና ይስጥልኝ። የጀልባዬ የኋላ ክዳን ማጠፊያ ሥሩ የሚያልፉትን ሦስት ኬብሎች ሳላውቅ ሲያኝክ ከርሞ ዛሬ ደረስኩበት። አንደኛው ከጀርባ ዝቅ ብሎ ከተሰቀለው የጥልቀት መለኪያ ሴንሰር የሚመጣው ነው፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ይዘላል። ሁለተኛው የቪኤችኤፍ ሬዲዮ አንቴና ገመድ ነው፤ ቅርብ ያለን ሰው እሰማለሁ፣ እኔን ግን የሚሰማኝ የለም። ሦስተኛው መሣሪያዎቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው የኤንኤምኢኤ 2000 ኬብል ሲሆን ጂፒኤሱ ከስክሪኑ ጠፍቷል። የቤት ሽቦ ጠምዝዤ በናስትሮ መጠቅለል እችላለሁ። ጀልባው ግን ውሎ አዳሩ ባሕር ላይ ነው። ያው ዘዴ ይሠራል?

ባለካውያ፦
አይሠራም ወንድሜ። ናስትሮ ጨዋማ ውኃ አያግድም፤ አንዴ ከገባ ግን እንዳይደርቅ አድርጎ ይይዝልሃል። መጀመሪያ ባትሪውን ንቀል። ከዚያ የተጎዳውን ቦታ ላጥና የመዳቡን ቀለም እይ። የሚያብረቀርቅ ከሆነ እሰየው። ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ይዞ ካገኘኸው ጉዳቱ ከቁስሉ አልፏል፤ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎችም ውኃውን በልባሱ ውስጥ ይስቡታል። ንጹሕ መዳብ እስክታገኝ እየቆረጥክ ሂድ። ከዚያ ሁሉንም በሊድ በይደህ ገላገል በል።

ሞገድ፦
ስሙ ባለካውያ ሆኖ ሌላ ምን ሊል ኖሯል! "ሁሉንም በሊድ" የሚለው ላይ አልስማማም። የቀለጠው ሊድ ልባሱ ሥር ገብቶ ሽቦውን እንደ ሚስማር ያደርቀዋል። ሞተሩ ሲያንቀጠቅጠው ደረቁ ከለስላሳው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀንጠስ ይላል። ደርሶብኛል፤ የታችኛው መብራቴ ገመድ በይጄው ሁለት ወር አልቆየም። ለኃይል ሽቦ በመጭመቂያ ፒንሳ የሚጨመቅ፣ ውስጡ ሙጫ ያለው ማገናኛ ይሻላል። ከጨመቅከው በኋላ ስታሞቀው ይኮማተራል፤ ሙጫው በሁለቱም ጫፍ ብቅ ሲል ታትሟል ማለት ነው። ሽቦውን ስትገዛም ቆርቆሮ የተቀባውን ምረጥ፤ መልኩ ቀይ ሳይሆን ብርማ ነው፣ ቶሎ አይጠቁርም።

ባለካውያ፦
ለኃይል ሽቦ እሺ ብያለሁ። የሴንሰሩ ኬብል ውስጥ ያሉት ግን ፀጉር የሚያካክሉ ናቸው፤ መጭመቂያው ጨርሶ አይዛቸውም። እነሱን መበየድ ግድ ነው። ነገር ግን ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ አትቁረጣቸው። ቀዩን እዚህ፣ ጥቁሩን ሁለት ሴንቲ ሜትር ወረድ ብለህ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከዚያ ወረድ አድርገህ ቀጥል። ያኔ መጋጠሚያዎቹ ጎን ለጎን አይነካኩም፣ ኬብሉም እባብ እንቁራሪት የዋጠ አይመስልም። በዙሪያው ያለውን መረብ ሽቦ እንዳትረሳው፤ እሱ ካልተቀጠለ የሞተሩ የኤሌክትሪክ ጩኸት (ረብሻ) በሙሉ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። እንዳይታጠፍም ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ እሰረው። ደግሞ የሚኮማተረውን ቱቦ ሽቦውን *ከመቀጠልህ በፊት* አጥልቀው! ይህን የማይረሳ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሮጌ መልህቅ፦
ልጄ፣ ሬዲዮውን ለጊዜው እንዳትናገርበት። የአንቴናው ገመድ ተራ ሽቦ አይደለም። መሐሉ ያለው መዳብና ዙሪያውን ያለው መረብ የተራራቁት በልክ ነው፤ ልኩ 50 ኦም እንዲሆን ተብሎ። ሲጨፈለቅ ወይም ተጠምዝዞ ሲቀጠል ያ ልክ ይፈርሳል፤ የላክኸው ኃይል አንቴናው ጋ ሳይደርስ ወደ ሬዲዮው ይመለሳል፣ ማስተላለፊያውንም ሊያቃጥለው ይችላል። ደካማው ድምፅ ተንፏቅቆ ሊገባልህ ይችላል፣ አንተ ግን አትወጣም። የተጎዳውን ቆርጠህ ጣልና በሁለቱም ጫፍ ፒኤል 259 ሶኬት ግጠም፣ በመሐላቸው አገናኝ አስገባ፣ ከላይ እርስ በርሱ የሚዋሐደውን የላስቲክ ናስትሮ እየለጠጥክ ጠቅልለው። የቴሌቪዥን ገመድ ደግሞ 75 ኦም ነውና በዚያ እንዳታራዝመው። መረቡ ጠቁሮ ከሆነ ሙሉውን ቀይረው፤ ሬዲዮ የሚያስፈልግህ በክፉ ቀን ነው።

የኤንኤምኢኤውን አትቀጥል። ጫፍና ጫፉ በሶኬት የሚገባ ስለሆነ ያንን አንዱን ቁራጭ ብቻ መተካት ነው። መጀመሪያ ግን ኃይሉን አጥፍተህ በነጩና በሰማያዊው ሽቦ መካከል በቴስተር ለካ። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ 120 120 ኦም መዝጊያዎች (ሬዚስተሮች) ስላሉና ሁለቱ አብረው ሲለኩ ግማሽ ስለሚሆን፣ ጤነኛ ከሆነ ወደ 60 ያሳይሃል።

መቅዘፊያ፦
ጋሼ መልህቅ፣ እርስዎ እንዳሉት ለካሁ፤ 120 አሳየኝ።

አሮጌ መልህቅ፦
እንግዲያው የምታገኘው አንዱን መዝጊያ ብቻ ነው፤ ወይ ነጩ ወይ ሰማያዊው ክዳኑ ሥር ተበጥሷል። ቁራጩን ስትቀይር 60 ይመለሳል።

ሞገድ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የኬብሉን ቀዳዳ በሲሊኮን የምትደፍነው ከሆነ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን አትጠቀም፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ መዳብ ይበላል። ገመዱም ወደ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይመለስ፤ የሚወርደው ውኃ እዚያው ይንጠባጠባል።

መቅዘፊያ፦
ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። የኤንኤምኢኤው ቁራጭ ተቀየረ፣ 60 ኦም መጣ፣ ጂፒኤሱ ተመለሰ። የአንቴናው ገመድ አንድ ክንድ ያህል ድረስ ጠቁሮ ስላገኘሁት ሙሉውን አዲስ ሳብኩ። ወደብ ውስጥ ሞክሬ "ጥርት ብለህ ትሰማለህ" ተባልኩ። ሴንሰሩን በባለካውያ ዘዴ በየድኩት (አዎ፣ ቱቦውን ረስቼ እንደገና ፈታሁት)። አሁንም ግን ስፈጥን ቁጥሩ አልፎ አልፎ ይዘላል። ብየዳዬ ነው?

ባለካውያ፦
ቆመህ፣ ሞተሩን አስነስተህ፣ ማርሽ ሳታስገባ ጋዝ ስጠው። ያኔም ከዘለለ ከሞተሩ የሚመጣ ጩኸት ነው፤ መረቡን ደግመህ እይ፣ ኬብሉንም ከሞተሩ ሽቦዎች አርቀው።

መቅዘፊያ፦
ቆሜ ምንም ጋዝ ብሰጠው ፍንክች አይልም። መሄድ ስጀምር ብቻ ነው።

ባለካውያ፦
እንግዲያው ብየዳህ ደህና ነው። ሴንሰሩ ሥር የአየር አረፋ እየገባ ነው። ማሰሪያውን ፈታ አድርገህ ትንሽ ዝቅ አድርገውና ደግመህ ሞክር።