ሐኪሙ ኪኒን ጻፈልኝ፣ እኔ ግን ማውራት ነበር የፈለግኩት

ያራዳዋ
ሰላም ቤተሰብ። ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ከሁለት ወር በላይ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ምግብ አይወርድልኝም፣ ሰው ሲስቅ እንኳ ያናድደኛል። ጓደኛዬ ስትጨቀጭቀኝ ሐኪም ጋ ሄድኩ (የት እንደሆነ ይቅር)። አምስት ደቂቃ አልሞላሁም፤ «ድባቴ ነው» ብሎ ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊግራም ጻፈልኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ቀጣዩ ሰው ተጠራ። ኪኒኑ ቦርሳዬ ውስጥ ከተቀመጠ አራተኛ ቀኑን ይዟል። ታካሚ እንዲህ ነው የምፈልገው ማለት ይችላል ወይስ የታዘዘለትን መዋጥ ብቻ ነው?

ፋርማሲስቷ
ትችያለሽ እህቴ፣ መብትሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለቀላል ድባቴ መድኃኒት አያስፈልግም ነው የሚለው፤ የንግግር ሕክምና ሊበቃ ይችላል። ጠንከር ሲል ግን መድኃኒት ይገባል፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱ አብረው ይሰጣሉ። ያንቺ የትኛው እንደሆነ እዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም፣ ተመልሰሽ ጠይቂ። ከጀመርሽው ደግሞ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለሽ እንዳትጥዪው፣ ለውጡ እስኪታይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል፣ ማቅለሽለሹ ግን ቀድሞ ይመጣል፣ ብዙ ሰው የሚያቋርጠውም እዚህ ጋ ነው። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

እንቅልፋሙ
እኔን በአሚትሪፕቲሊን ነው የጀመሩኝ፣ እሱም የድባቴ መድኃኒት ነው። አፌ ደረቀ። ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ልወርድ ታክሲ ተሳፍሬ እንቅልፍ ጥሎኝ ሽሮ ሜዳ ደረስኩ፣ ረዳቱ ነው የቀሰቀሰኝ። ሐኪም ይቆጣኛል ብዬ ሦስት ወር ዝም አልኩ። ለሐኪሟ ስነግራት «ቀድመህ ለምን አልተናገርክም?» ብላ ቀየረችልኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር።

ታላቅ ወንድም
ምርጫ ምርጫ ትላላችሁ። ታናሼ የመረጠው ጸበል ብቻ ነበር። ኪኒኑን ደብቆ ሽንት ቤት ሲጥል ከርሞ ስናውቅ ሰውነቱ አልቋል። ድባቴ የያዘው ሰው ተስፋ ቆርጦ ነው የሚመርጠው እኮ፤ ተስፋ መቁረጡ ራሱ ሕመሙ አይደል?

ፋርማሲስቷ
ጋሼ እውነትዎን ነው። ግን ለምን ደበቀ? ጸበሉንም ኪኒኑንም ይዞ መሄድ ይችል ነበር። ጾም ከሆነም ሰዓቱ ይስተካከላል፣ ፍሉኦክሰቲን በቀን አንዴ ነው፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። የፈለጉትን ሕክምና ያገኙ ሰዎች እንደ ሌላው ቶሎ እንደማያቋርጡ በጥናት ታይቷል። በመዳኑ ላይ ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፣ እሱን አልዋሽዎትም። ግን ያቋረጠ ሰው በምን ይድናል?

ያራዳዋ
ሐሙስ ተመልሼ እሄዳለሁ። የምጠይቀውን በወረቀት ጽፌያለሁ፣ ምላሴ ከተሳሰረ ወረቀቱን እሰጠዋለሁ። እንቅልፋሙ፣ የሽሮ ሜዳውን ሒሳብ ግን ከፈልክ?