ጉና ላይ የቀረ ቀይ ቀበሮ ካለ ከገበሬው ጋር ሆነን እንዴት እናድነው? የመንዝና የስሜን ልጆች እስቲ ምከሩኝ

የጉና ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ተወልጄ ያደግኩት ጉና ተራራ ስር ነው። ልጅ ሆኜ በግ ይዤ ስወጣ ቀይ ቀበሮ ሳሩ ውስጥ አድፍጦ አይጥ ሲጠብቅ ማየት የተለመደ ነበር፣ ዘንድሮ ለፋሲካ ሄጄ አምስት ቀን ሙሉ ስዞር ያየሁት አንድ ነው እሱንም ከሩቅ። የገብሱ ማሳ ዳገቱን ይዞ ወጥቷል፣ ጓሳ ሳሩም ብዙ ቦታ ተግጦ አልቋል። የርብና የጉማራ ወንዞች የሚነሱት ከዚሁ ተራራ ስለሆነ ነገሩ የቀበሮ ብቻ አይደለም። ጎጃም ቾቄ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ጭራሽ ጠፍቷል፣ እኛም ጋ እንደዛ እንዳይሆን ፈራሁ።
አባቴንና ጎረቤቶቹን ሳነሳባቸው «ግልገል ይበላብናል፣ ለኛ ምን ይሰራልናል» ነው መልሳቸው። አልፈርድባቸውም፣ አንድ ግልገል የልጅ ደብተርና ጫማ ነው። ከየት ልጀምር? ከወረዳ ነው ወይስ ከሽማግሌ?

መንዜ ነኝ፦
ወንድሜ ከሽማግሌ ጀምር። ደግሞ ስለ ቀበሮ አትጀምር፣ ስለ ሳሩ ጀምር። እኛ ጋ ጓሳ የሚባለው የሳር ቦታ የተጠበቀው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ነው፣ አስቦና ጌራ የሚባሉ የቀደሙ አባቶች ዘር የሆኑ ባለርስቶች ቦታውን ሦስት ዓመት አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር፣ ከብትም ማጭድም አይገባም፣ በተራ ይጠበቃል፣ የገባ ይቀጣል ነበር። ሳሩ ደረሰ ሲባል የሚከፈትበት ቀን ይነገርና ሁሉም ያጭድ ነበር። ያ ሳር የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ክረምት ላይ እረኛው የሚለብሰው ጌሳ ነው። ቀበሮ ልጠብቅ ብሎ የተነሳ ሰው አልነበረም፣ ሳሩ ሲቆም አይጡ በዛ፣ አይጡ ሲበዛ ቀበሮውም ኖረ፣ ነገሩ ይኸው ነው።
በ1967 የመሬት አዋጅ ርስት ሲቀር ቄሮም አብሮ ቀረ፣ ያኔ ጠባቂ ስለሌለው ያገኘ ሁሉ ማጭዱንም ከብቱንም ይዞ ገባ። አያቴ ያንን ጊዜ ሲያወሩ ሳር ፍለጋ ግማሽ ቀን መሄድ ጀመርን ይሉ ነበር። በኋላ ሰዉ ራሱ ተሰብስቦ ኮሚቴ አቋቋመ፣ አሁን የባለርስት ዘር ብቻ ሳይሆን በየቀበሌው ያለው ነዋሪ ሁሉ አለበት፣ ክልሉም የማህበረሰብ ጥብቅ ቦታ ብሎ በህግ አወቀው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጭላዳ ዝንጀሮውም እዛው ነው፣ ተመራማሪዎች ሲከታተሉ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67 ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 ብቻ። አባትህን ጠይቃቸው እስቲ፣ ድሮ እናንተ ጋ ሳሩን የሚያስጠብቅ ደንብ አልነበረም? ካለ እሱን መልሱት፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ደንብ ሰው አይዘልቅበትም።

የከብት ሐኪም፦
የመንዙ ወንድሜ ያለው ትክክል ነው፣ እኔ ደግሞ ሰው የሚረሳውን ላንሳ፣ ውሻ። ቀይ ቀበሮን በአንድ ክረምት ሙልጭ አድርጎ የሚጨርሰው ጥይት ሳይሆን ከውሻ የሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ባሌ ዌብ ሸለቆ የገባው ወረርሽኝ እዛ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛውን ነው የጨረሰው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፣ አዋቂው ደግሞ ሁሉም ተቆጥሮ 500 አይሞላም። እናንተ ጋ ያሉት ጥቂት ከሆኑ አንድ ወረርሽኝ ይበቃል።
ይሄ ግን ገበሬውን ለማሳመን በጣም ጥሩ በር ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ልጁንም ላሙንም ይገድልበታል። ስለ ክትባት ሳወራ ስለ ቀበሮ የማወራው መጨረሻ ላይ ነው፣ መጀመሪያ ስለ ልጃቸው ነው። ከ10 ውሻ 7ቱ ከተከተበ በሽታው መዛመት ያቅተዋል፣ ስለዚህ የክትባት ቀን ሲያዝ ሰንበቴ ላይ አስነግሩ፣ ውሻው የሚታዘዘው ለእረኛው ልጅ ስለሆነ ልጆቹ ራሳቸው ይዘው ይምጡ።
የግልገሉን ነገር ደግሞ ከመካድ መስማት ይሻላል። ቀይ ቀበሮ አልፎ አልፎ ግልገል ይወስዳል፣ ምግቡ ግን በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው፣ ተራው ቀበሮና ጅብ የበሉት ሁሉ በሱ እየተሳበበ ነው። የጠፋውን ግልገል ለአንድ ዓመት መዝግቡት፣ መቼ፣ የት፣ እረኛ ነበረ ወይ፣ የማን ዱካ ታየ። ሰው በራሱ እጅ የመዘገበውን ያምናል።

ከደባርቅ፦
ማንም ሳይመጣባችሁ ራሳችሁ ቀድማችሁ ብትነሱ ይሻላል። ስሜን ላይ ግጭ የሚባለው መንደር በ2016 እ.ኤ.አ. ከፓርኩ ወጥቶ ደባርቅ ሰፈረ፣ ከ400 በላይ አባወራ። በዓመቱ ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ፣ ደስ ይላል፣ ግን ዕድሜውን ሙሉ ገብስና በግ ሲያውቅ የኖረ ሽማግሌ ከተማ ዳር ቁጭ ብሎ ሳይ እኔን ይቆረቁረኛል። ዋልያውም ሰውየውም ባንድ ላይ የሚኖሩበትን መንገድ ቀድመው ያሰቡ ይመስገኑ።
ሌላው፣ ጥቅም ሲመጣ ለማን እንደሚደርስ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። እኛ ጋ ስካውቱም (የፓርኩ ጥበቃ)፣ በቅሎ አከራዩም፣ ምግብ አብሳዩም ከቱሪስት ያገኛል፣ በቅሎ የሚከራየው በተራ ስለሆነ ድሃውም ይደርሰዋል። መንገድ ዳር ያልሆነው መንደር ግን ከብት አታግቡ መባሉ ብቻ ነው የሚደርሰው፣ በተለይ ሰላም ሲጠፋና ቱሪስት ሲቀር። እናንተ ቱሪስት እንኳን ባይመጣ የሚቆም ነገር ላይ ተመርኮዙ፣ ሳሩ ላይ ውሃው ላይ።

የጉና ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አባቴ ጋ ደወልኩ፣ ድሮ የሳር ጥብቅ ነበረን አሉ፣ የጠባቂዎቹን ስም ሳይቀር ነገሩኝ፣ እኔ በ30 ዓመቴ ዛሬ ገና መስማቴ ነው። አንድ ያስጨነቀኝ ነገር፦ ሦስት ዓመት ሲዘጋ መሬት የሌለው ወጣት በጎቹን የት ያግጥ?

መንዜ ነኝ፦
አንዴ ሁሉንም አትዝጉ። የተራራውን አንድ ጎን ዝጉ፣ ሌላውን ተዉለት። ጠባቂ ስትመርጡ ደግሞ ያንኑ መሬት የሌለውን ወጣት አስቀድሙ፣ ድርሻውም ሳሩ ሲታጨድ ከሌላው ከፍ ይበል። ሰንበቴው ላይ ይሄን አንተ ሳትሆን አባትህ ያንሱት።