አሮጌዋ ቴሌስኮፕ አልመራም አለችኝ

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ። ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ስትጠጣ የኖረች ባለ 60 ሚሊሜትር የሌንስ ቴሌስኮፕ አለችኝ። የትኩረት ርዝመቷ 700 ሚሊሜትር ነው። ለጋይድስኮፕነት (ፎቶ ሲነሳ አንድ ኮከብ እየተከታተለች ዋናውን ቴሌስኮፕ የምትመራ ረዳት ቴሌስኮፕ) ትሆናለች ብዬ ዋናው ቴሌስኮፕ ላይ አሰርኳት። የዓይን ሌንስ ማስገቢያዋ የድሮው 24.5 ሚሊሜትር ስለሆነ የጋይድ ካሜራዬ (ኮከቡን የሚከታተለው) አልገባ ብሎ ነበር፤ እሱን በአዳፕተር ተገላገልኩ።

ግራ የገባኝ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የክትትሉን ስህተት የሚያሳየው ግራፍ ቀጥ ያለ ነው፣ ስህተቱም ከ1 አርክሰከንድ (የአንድ ዲግሪ 1/3600) በታች። የ5 ደቂቃ ፎቶ ሳነሳ ግን ከዋክብቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተለጥጠው ሰረዝ ይመስላሉ። በ1 ደቂቃ ክብ ናቸው።

የጠረጠርኩት የአሮጌዋን ፎከሰር (ምስሉን ለማጥራት ካሜራውን ይዞ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄደውን ክፍል) ነው። ፕላስቲክ ነው፤ ካሜራውን በጣቴ ነካ ሳደርገው ቱቦው ውልቅልቅ ይላል። ውስጡን በቴፕ ጠቅልዬ ብሎኑን አጠበቅኩት። ትንሽ ተሻለው፣ ግን ቴሌስኮፑ ወደ ምዕራብ ሲዞር ያው ነው።

ፎከሱን አንዴ አስተካክዬ ቱቦውን በሙጫ ላጣብቀው? ወይስ ጥፋቱ የያዟት ቀለበቶች ብሎን ጫፍ ላይ ያለው ፕላስቲክ ይሆን? «አዲስ ግዛ» ብቻ እንዳትሉኝ፣ ካሜራው ኪሴን አራቁቶታል።