ላብራዱድል አለርጂ አያስነሳም የሚባለው እውነት ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የ8 ዓመት ልጃችን ውሻ ካልገዛችሁልኝ እያለች መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታናለች፤ ባለቤቴ ግን ውሻ ያለበት ቤት በገባ ቁጥር ዓይኑ ይቀላል፣ ያስነጥሰዋል። አንድ ሻጭ ላብራዶርና ፑድል የተባሉት የውሻ ዝርያዎች ተዳቅለው የሚወለደው ላብራዱድል ፀጉሩ እንደማይረግፍ፣ አለርጂ እንደማያስነሳና ከሁለቱም ወላጆቹ ይልቅ ጤነኛ እንደሆነ ነግሮን ለአንድ ቡችላ 2,500 ዶላር ጠይቆናል። ቀብድ ከመክፈላችን በፊት የምታውቁትን ብታካፍሉን።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ድቅል ያስተዋወቁት አውስትራሊያዊው ዋሊ ኮንሮን ናቸው። ዓይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾች እርባታ ኃላፊ ሳሉ አንዲት የሃዋይ ዓይነ ስውር ሴት፣ ባሏ አለርጂ ስላለበት፣ የሚስማማው መሪ ውሻ ጠየቀቻቸው፤ ፑድሎች ለሥራው አልሆን ስላሏቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ከላብራዶር ጋር አዳቀሏቸው። ከተወለዱት 3 ቡችሎች የባልየውን አለርጂ ያልቀሰቀሰው አንዱ ብቻ ነበር፤ ሻጮች ይህችን ነገር አያነሷትም። ኮንሮን ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2019 በሕይወታቸው የሚጸጸቱበት ሥራ ይኸው እንደሆነ ተናግረዋል። አለርጂ የሚያስነሳው በምራቁና ከቆዳው በሚረግፈው ፎረፎር ውስጥ ያለ ፕሮቲን እንጂ ፀጉሩ ስላልሆነ፣ ፀጉሩ ባይረግፍም እንኳ ባለቤትዎን አያድናቸውም።

መልስ፦ እኔ አንድ አለኝ፤ እወደዋለሁ፣ ግን ፀጉሩን ማንም አልነገረኝም። ሦስት ሳምንት ሳላበጥረው ብቀር ከብብቱና ከጆሮው ጀርባ እንደ ተጠቀጠቀ ሱፍ ተቆላልፎ፣ ቆራጯ መፍታት ስላልቻለች እስከ ቆዳው ላጨችው፤ ከሥሩ ቆዳው ቀልቶ ቆስሎ ነበር። ከአንድ ማህፀን የወጣው ወንድሙ ደግሞ ፀጉሩ ቀጥ ያለ ነው፤ እየረገፈ የጎረቤቴን ሶፋ ያለብሰዋል።

መልስ፦ ድቅል ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይገባም፤ ሆኖም የዳሌ መገጣጠሚያ ችግርና ቀስ በቀስ የሚያሳውር የሬቲና ሕመም በላብራዶርም በፑድልም ስለሚገኙ፣ ሁለቱን ማዳቀል ብቻውን አያስወግዳቸውም። የብሪታንያው ሮያል ቬተሪነሪ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት ላብራዱድል፣ እንዲሁም ሌሎቹ የፑድል ድቅሎች ኮካፑና ካቫፑ ከወላጅ ዝርያዎቻቸው ጋር ተነጻጽረው በአብዛኞቹ በሽታዎች ረገድ ልዩነት አልታየባቸውም። ስለዚህ የሁለቱንም ወላጆች የዳሌ ራጅና የዓይን ምርመራ ውጤት ይጠይቁ፤ ባለቤትዎም ከዚያችው ቡችላ ጋር ደጋግመው ይቀመጡ።

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ሄደን ነበር። የራጁን ነገር ስናነሳ ሻጩ «ድቅል ስለሆኑ አያስፈልጋቸውም» አለን፤ ባለቤቴም ቡችላዋን ታቅፎ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ዓይኑን ማሸት ጀመረ። ቀብዱን አልከፈልንም፤ ልጃችን ግን እስከ ዛሬ አኩርፋለች።